የመጋቢው መኪና ሆድ

ቅዳሜ ጧት ወደ ሱቅ ስወርድ አጎት ላፋኤሌን ከመጋቢው ቤት አጥር ሥር አገኘኋቸው። በዚህ በሳቫኢ ደሴት ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁና ቁጣቸውን ከሩቁ አውቀዋለሁ። ልጆቻችንን ተራራው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ያገለገለ መኪና እንዲገዙ መንደሩ የመረጠው እሳቸውን ነበር።

ለሽያጭ የቀረበው የመጋቢው ቀይ ፒክአፕ ፊታቸው ቆሟል። አፒያ ከተማ የመኪና ጥገና ተምራ የተመለሰችው የወንድማቸው ልጅ ሲሊያ ሣር ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ ቆሞ መናገር ነውር ነው፤ አጎት ድንጋይ ላይ ስለተቀመጡ እሷ ዝቅ ብላለች።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። «ይኼ ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው። እሷ ግን የላይ መንደሩን ታክሲ ግዙ ትለኛለች። አራት መቶ ሺህ የሄደ፣ ሽማግሌ መኪና።»

«ሽማግሌ መሆን ነውር ከሆነ እርስዎን ለምን መረጡዎት፣ አጎቴ?» አለች ሲሊያ።

«አንቺ፣ አፍሽን ሰብስቢ።»

«እሰበስባለሁ። ግን ባለታክሲው መኪናውን በየቀኑ በዝናብ ውሃ ያጥበዋል፤ ዘይት የለወጠበትን ቀን ሁሉ ጽፎ ይዟል። ይኼኛው የሚያድረው ባሕር ዳር ነው። ጀልባ ሲጎትት የኋላ እግሩ ጨው ውሃ ውስጥ ሲነከር ስንቴ አይተናል? ቆጣሪው መንገድ እንጂ ጨው አይቆጥርም። ሥሩን ይዩት።»

«የእግዚአብሔርን ሰው ዕቃ ልፈትሽ? መጋቢ የሰጠውን ይቀበሉታል እንጂ አያገላብጡትም።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልን እንተርታለን፤ ባለማዕረግ ሲሸጥልን ግን ዓይናችንን ጨፍነን አክብሮት እንለዋለን። አክብሮት አይደለም፣ ስንፍና ነው።

«አጎት ላፋኤሌ» አልኩ፣ «የሚሳፈሩት የኔ ተማሪዎች ናቸው። የልጅ ልጅዎም አለችበት። ቁልቁለቱ ላይ ቢከዳቸው፣ መጋቢውን አክብሬ ነው ብለው ለእናቶቻቸው ሊነግሯቸው ነው?»

ፊታቸው ጠቆረ።

«መፈተሹ ይቅር» አለች ሲሊያ ቀስ ብላ። «እኔ ጋ ይቀመጡ ብቻ። ከዚህ ይታያል።»

እያጉረመረሙ ወርደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አጎንብሰው ሥሩን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መኪናውን የተሸከመውን ብረት ነካ አደረጉት፤ ጣታቸው ገብቶ ቀረ። ዝገቱ ሽርጣቸው ላይ ረገፈ።

«ልጆቹን ልጭን የነበረው እዚህ ላይ ነው» አሉ። ቁጣቸው አሁን በራሳቸው ላይ ነበር።

መጋቢው የቤታቸውን በር ከፍተው ወጡ። «እህስ፣ ወሰናችሁ?»

አጎት ላፋኤሌ አልተነሡም። «መጋቢ፣ ይምጡና ከጎኔ ይቀመጡ።»

ያልተለመደ ነገር ነው፤ ግን ተቀመጡ። የበሳውን ብረት አይተው በጣታቸው ነካኩት። «ባለቤቴና ልጆቼ ትናንት በዚህ ነው የሄዱት» አሉ። «ስድስት ዓመት ስነዳው አንድ ሰው እንኳ አጎንብሶ አላየልኝም።»

ታክሲው ተገዛ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ ተማሪዎቼ ሳይረፍድባቸው ክፍል ይገባሉ፣ እናቶቻቸውም መንገድ መንገድ አያዩም። ዛሬ በመንደራችን ያገለገለ መኪና ሊሸጥ ሲመጣ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ገዢው መጀመሪያ ሣር ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ ቀድመው የሚቀመጡት መጋቢው ናቸው።