የተላጨች ሥራ ፈላጊና የሚስተር ቶርሰን ጥርጣሬ

በሰሜን አሜሪካ ትልቅ ሐይቅ ዳር ባለችው በዱሉት ከተማ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ የወረደ ዕለት ሰው ሁሉ የሚገናኘው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ጎማ ቤት ነው። የበጋውን ጎማ አስወልቆ የበረዶውን ለማስገባት ሀብታሙም ድሀውም እኩል ተራ ይጠብቃል፤ እኩል መራራ ቡና ይጠጣል።

ሚስተር ኦርቪል ቶርሰንም በዚያ ማለዳ በቬርን ጎማ ቤት የመጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ያለችውን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው ሐይቁ ዳር ባለው በቤልሞር ሆቴል ሠላሳ ዓመት የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። በየማለዳው ሠራተኛውን አሰልፈው ጥፍሩን፣ ጫማውንና ጸጉሩን ያዩ ነበር። ጡረታ ወጥተው የሚያሰልፉት ሰው ቢያጡ፣ መንገደኛውን በዓይናቸው ማሰለፍ ጀመሩ። በራሳቸው አናት ላይ ያለው ቡናማ ጸጉር ግን ከሱቅ የተገዛ ነው። ይህን ምስጢር ከእርሳቸውና ከሻጩ በቀር የሚያውቅ የለም ብለው ያምናሉ። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ነገር ግን የዱሉት ሰው ጨዋ ነውና ነፋስ ባለበት ቀን ሲያገኛቸው ዞር ብሎ ሐይቁን ያያል።

ዛሬ ከጎማው ሌላ አንድ ጉዳይ ልባቸውን ይዞታል። ትናንት ዳርላ ደውላላቸው ነበር። ዳርላ እርሳቸው አሠልጥነው ያሳደጓት፣ ዛሬ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የሆነች ሴት ናት። «ለእንግዳ መቀበያው ካነጋገርኳቸው ሁሉ አንዷን ልጅ ወድጃታለሁ፤ ግን ራሷን በምላጭ ተላጭታለች» አለቻቸው። «ለምን እንደሆነ እንዳልጠይቃት ሕጉም ይሉኝታውም ያዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስጠረጥር ከማድር ብዬ ነው የደወልኩት። እስከ ነገ እኩለ ቀን ቁርጡን ይንገሩኝ፤ እርስዎ ያሉት ይሆናል።»

መልሱ በሚስተር ቶርሰን ልብ ውስጥ ያን ጊዜውኑ ተዘጋጅቶ አድሯል። የገዛ ጸጉሯን ያልጠበቀች ሴት የእንግዳ ሻንጣ ትጠብቃለች?

ይህን እያሰላሰሉ ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት በረዶዋን እያራገፈች ገባች። ለቬርን «ማረን ኡልስታድ» ብላ ስሟን አስመዘገበች፤ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠች፤ ከዚያም ኮፍያዋን አወለቀች። ራሷ እንደ ተላጠ እንቁላል አበራ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጽሔት ማንበብ አማረው።

ወጣቷ ከሚስተር ቶርሰን ጎን ተቀመጠችና ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። «እማዬ፣ ቤልሞሮች ገና አልደወሉም። … አዎ፣ እንቢ ካሉኝ ቅዳሜ ከተማውን ትቼ ወንድሜ ወደሚሠራበት እሄዳለሁ። … አውቃለሁ፣ የቱርኪ ዶሮ ማረጃ ነው። ቢያንስ እዚያ ጸጉር የሌለው ሰው ይወደዳል፤ የጸጉር መረብ ይተርፋቸዋል።»

ሚስተር ቶርሰን የቡና ኩባያቸውን ከአፋቸው ሳያደርሱ ቀሩ። እሷ ናት!

በጠረጴዛው ላይ ዶናት ከሚባለው ጣፋጭ ዳቦ የተረፈች ፍርፋሪ ነበረች። በዚያ አገር የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሳ ሰው ስለማይገኝ፣ አንዱ ግማሹን ቆርሶ ይሄዳል፤ ሌላው የግማሹን ግማሽ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ጣት የማትሞላ ፍርፋሪ ትቀርና ስትደርቅ ትውላለች። ማረን ያችን ፍርፋሪ አንስታ ጎረሰቻት። ሚስተር ቶርሰን ደነገጡ። የመጨረሻዋን ቁራሽ የምትበላ ሴት ምን የማታደርገው ነገር አለ?

«ብርዱ ጠና እኮ» አሉ። የዱሉት ሰው ነገር ሲፈልግ የሚጀምረው ከአየሩ ነው።

«ጠና» አለች።

«በተለይ ለአንዳንድ ሰው።»

«ለኔ ማለትዎ ነው? ኮፍያ አለኝ፣ አባባ።»

«አይ፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው። ወታደር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ዋናተኛ?»

«ውሃ እፈራለሁ።»

«እንግዲህ … በቅርቡ ከሆነ ቦታ ነው የወጣሽው?»

«ከእስር ቤት ማለትዎ ነው?»

ቡናው ትን አላቸው። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል፤ ሁለተኛው ከደረሰባቸው ቆይቷል፣ አንደኛው ዛሬ ደረሰ። ወጣቷ ግን አልተቆጣችም፤ ትን ያለው እስኪለቃቸው ጠብቃ የወረቀት መሐረብ አቀበለቻቸው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ስሜ ቶርሰን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሠራተኛ ስቀጥር የኖርኩ ነኝ፤ እንደ አባት ልምከርሽ?»

«ይምከሩኝ። ጎማው እስኪቀየር ጊዜ ማሳለፊያ ይሆነናል።»

«ሥራ ፈላጊ ከሆንሽ ሰው ሠራሽ ጸጉር ግዢ። ለቃለ መጠይቁ ብቻ።»

«ከተቀጠርኩስ በኋላ?»

«እስኪለምዱሽ ታደርጊዋለሽ።»

«ከለመዱኝስ በኋላ?»

«ያን ጊዜማ እንዴት ይወልቃል? እነሱ የለመዱት ያንን ነዋ! አንቺም ትለምጂዋለሽ።»

«እስከ መቼ?»

ሚስተር ቶርሰን የወረቀት መሐረባቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። ማረን ዓይኗን ወደ ግንባራቸው፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ አድርጋ ቡናማው ጸጉር ወደሚጀምርበት ላከች። እንደ ከተማው ሰው ዞር ብላ ሐይቁን አላየችም።

ሽማግሌው በነገር መሸሽ ፈለጉ። «ስሚ፣ እኔ በክፋት አይደለም። እንግዳ ማለት ቀኑን ሙሉ በበረዶ ሲነዳ የዋለ ሰው ነው። በር ከፍቶ ሲገባ የሚያሳርፈው ፊት ማየት አለበት። 'ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?' ብሎ ማሰብ ከጀመረ አላረፈም። ጥፍር፣ ጫማ፣ ጸጉር የምንቆጣጠረው ለዚህ ነው። ሥርዓት የእንግዳ ዕረፍት ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች ማረን፤ ሚስተር ቶርሰን ይህን አልጠበቁም። «ሥርዓቱን አልቃወምም። ጥፍሬን ይዩት። ጫማዬን ይዩት፤ በዚህ ጭቃ እንኳ ይብረቀረቃል። ሸሚዜን ሌሊት ነው የተኮስኩት። ቀጣሪ ንጽሕና ቢጠይቅ መብቱ ነው። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ መላጣ ወንድ ቀጥረው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ሃርላን የሚባል በረኛ ነበረን፤ ራሱ እንደ ሳህን የጸዳ። እንግዳ ሁሉ ይወደው ነበር።»

«እስር ቤት ነበር ብለው ጠረጠሩት?»

«ኧረ ምን በወጣው! ወንድ ነዋ፤ ወንድ ይመለጣል።»

«እንግዲያው እንግዳን የሚያሳርፈው ጸጉር አይደለም ማለት ነው።»

ሚስተር ቶርሰን ተቆጡ፤ የተሸነፈ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ምክንያትሽን ብትናገሪ ምን አለበት? የምትደብቂው ነገር ከሌለ!»

«እሺ፣ ምክንያት ላቅርብልዎና ይምረጡ» አለች፤ ወንበሯን ወደ እርሳቸው አዙራ። «ታምሜ ነበር፤ መድኃኒቱ ጸጉሬን ጨረሰው። ይቀጥሩኛል?»

«አወይ ልጄ! ለዚያማ እንዴት እንቢ ይባላል።»

«ለታመመች ጓደኛዬ ብዬ አብሬያት ተላጨሁ።»

«ይሄማ ቅድስና ነው።»

«ታስሬ ነበር።»

«እ … እሱ እንኳ …»

«መስታወት ፊት ቆሜ ደስ ስላለኝ ተላጨሁ።»

«ይሄማ ጭራሽ አይሆንም!»

«ይኸው» አለች ማረን። «ራሱ ያው ራስ ነው። እጄም ያው፣ አፌም ያው። ርስዎ ግን አንዴ በሀዘኔታ ቀጠሩኝ፣ አንዴ ቅድስት አደረጉኝ፣ አንዴ አባረሩኝ። የሚቀጥሩት እኔን ሳይሆን ወሬዬን ነው። ወሬዬ ደግሞ ስልክ አያነሳም፤ አልጋ አያስይዝም።»

«ቢሆንም ሰው መጠርጠሩ …»

«ሰው ሰውን መጠርጠር ካማረው እኔ የርስዎን ጠየቅኩ?»

ሁለት መጽሔቶች ከፍ ብለው የባለቤቶቻቸውን ፊት ሸፈኑ። የሚስተር ቶርሰን እጅ ወደ አናታቸው ተነሥቶ መንገድ ላይ ቆመ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን የነገራቸው የመጀመሪያ ሰው ይህች ናት። ጆሯቸው ቀላ። ከዚያም ለራሳቸው የገረማቸውን ጥያቄ በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ያስታውቃል እንዴ?»

«ትንሽ» አለች ማረን፤ ድምጿን እንደ እርሳቸው ዝቅ አድርጋ። «ግን ጫማዎ በጣም ንጹሕ ነው።»

በዚህ መካከል ቬርን «ሊንድግሬን! መኪናው አልቋል!» ብሎ ተጣራ፤ አንድ ሰውዬ አመስግኖ ወጣ። ሚስተር ቶርሰን ነገር መቀየሪያ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። «አየሽው? ያ ሰው ከኔ ኋላ ነው የገባው። ከእርሱ በፊት የወጡትም እንደዚሁ። ቬርን ዘመዶቹን ያስቀድማል። ከድሮም ዓይኑን አላምነውም።»

«መቼ ነው የመጡት?»

«ሲከፈት።»

«ሲከፈት! ጠየቁት?»

«ምን ብዬ ልጠይቀው? አጣደፈኝ ይለኛል። ነውር አይደለም እንዴ?»

ማረን ተነሥታ ወደ ባንኮኒው ሄደች። ሚስተር ቶርሰን ጠብ ሊነሳ ነው ብለው ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። እሷ ግን ክርኗን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ፣ የዓመታት ደንበኛ ይመስል «ቬርን፣ ዛሬ ከተማው በሙሉ አንተ ላይ ወድቆብሃል፤ ምሳም የምትበላ አይመስለኝም» አለችው። ሰውየው ሳቀ። «የሚስተር ቶርሰን መኪና የት ደረሰች? በዚህ ግርግር ቁልፉ ቦታ ስቶ ይሆናል ብዬ ነው።»

ቬርን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቁልፎች አየ፤ አንዱን አነሳ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ቁልፉ ሥራቸው ካለቀ መኪኖች ቁልፎች ጋር ተሰቅሏል። መኪናዋ በግቢው ዳር በረዶ ለብሳ ቆማለች፤ የነካት የለም። ቬርን ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ እየመጣ «ኦርቪል፣ ምነው እኔን ቢጠይቁኝ!» አለ። አሁኑኑ አስገባታለሁ ብሎ ሮጠ። በአንድ ጥያቄ፣ ማንም ሳያፍር፣ ማንም ሳይጮህ፣ የማለዳው ጥርጣሬ ሁሉ እንደ ቀለጠ በረዶ ውሃ ሆነ።

ሚስተር ቶርሰን በሥራ ዘመናቸው ለስንቱ ወጣት ክራባት ማሰር አስተምረዋል። ይህን ግን፣ የተቆጣን ሰው ሳያስቆጡ፣ የተሳሳተን ሰው ሳያሳፍሩ ነገር ማቃናትን፣ ለማንም ማስተማር አልሆነላቸውም። ይዞት የሚመጣ ሰው ይመጣል፤ ካልመጣ አይገኝም። ዛሬም መጥቶ አጠገባቸው ሲቀመጥ እርሳቸው አናቱን ነው ያዩት።

«ማረን» አሉ ተመልሳ ስትቀመጥ። «አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። የቤልሞሯ ዳርላ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት። ስላንቺ ጠይቃኝ ነበር። እስከ እኩለ ቀን እሺ ወይ እንቢ ልላት ነበር።»

የማረን ፊት ጠቆረ። «እና እስካሁን ቃለ መጠይቅ ላይ ነበርኩ? እርስዎ ነዎት የሚደብቁ፣ እኔ ነኝ የምጠረጠር?»

«ልክ ነሽ።»

«ስለ ቁልፉ ብለው ከሆነ አይደውሉ። ውለታ መላሽ አልፈልግም። ስላሳዘንኩዎ ከሆነም አይደውሉ። ቱርኪዎቹ ይሻሉኛል፤ እነሱ ቢያንስ አያዝኑልኝም።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ቀጣሪ ነበርኩ አላሉም? ስለ ሥራው ይጠይቁኝ።»

ሚስተር ቶርሰን ቀና አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ከአናቷ ወርዶ ዓይኗ ላይ አረፈ። አልጋው በስህተት ለሌላም ሰው የተያዘበት እንግዳ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ? አሏት፤ መለሰች። ሰካራም ቢያስቸግር? መለሰች። ሁለት እንግዶች በአንድ ጊዜ ቢጮሁብሽ? «መጀመሪያ ቀስ ብሎ የሚጮኸውን እሰማለሁ፤ የባሰበት እሱ ነው» አለች። እንዲህ ሲባባሉ ቡናቸው ቀዘቀዘ። ሽማግሌው አንዱን መልሷን አርመዋል፤ ሌላውን ግን ደግማ እንድትለው ጠይቀዋታል፤ ለራሳቸው ሊይዙት።

ከዚያ ስልካቸውን አነሡ።

«ዳርላ፣ ቶርሰን ነኝ። ልጅቷን ቅጠሪያት። … ለምን ተላጨች? አላውቅም። … አዎ፣ ጠይቄያለሁ፤ አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች። ስሚኝ ልጄ፤ እኔ ያስተማርኩሽን አንድ ትምህርት ሰርዢ። ጥፍር እዪ፣ ጫማ እዪ፣ ልብስ እዪ። ንጽሕና ለሁሉም እኩል ይጠየቅ፤ ለወንድ ያልጠየቅሽውን ከሴት አትጠይቂ። የቀረውን ግምት ተዪው። ሰው ስለ ራስ ቆዳ ሲገምት የሚያልፈው ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ያ ሠራተኛ መንገድ ተሻግሮ ሌላው ሆቴል ይቀጠራል፤ አንቺ ጸጉሯ ያማረ፣ ስልክ የማታነሳ ልጅ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። በይ፣ እስቲ አሁን ደውይላትና ራስሽ ንገሪያት። … እ? ኧረ አጠገቤ ናት፤ ቢሆንም ደውይላት።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን ጥቅም እንደተገኘ ልቁጠርልህ ብል፣ ቀጣሪዋ ሠራተኛ አገኘች፤ ሠራተኛዋ በእናቷ ከተማ እንጀራ አገኘች፤ ዳርላም እንቅልፍ አገኘች። ጥርጣሬ ደመወዝ ሳይከፈለው ሌት ተቀን የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ የሚያመርተው ነገር ግን የለም። አሰናብተው።

ሚስተር ቶርሰን ግን ደምድመው ብቻ የሚያርፉ ሰው አይደሉም። ማረን ሥራ በጀመረችበት ዕለት ሆቴሉ አዳራሽ ገብተው፣ ጋዜጣ ዘርግተው፣ ከጋዜጣው በላይ መቀበያውን ሲያጠኑ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ባልና ሚስት ከበረዶው ገቡ። ሚስትየዋ የማረንን ራስ አየችና የባሏን ክንድ ጨበጠች። ተንሾካሾኩ። ባልየው ራሱን ነቀነቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ መቀበያው ተጠግቶ ባንኮኒው ላይ ደገፍ አለ። ሚስተር ቶርሰን ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን አቀኑ።

«ልጄ፣ እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ …»

«ይጠይቁኝ» አለች ማረን።

«ቁርስ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»