የአባቴ ጥፍር የፋቀው ቦታ

«እኔ ስሞት ይቺ ጊታር ትምህርትሽን ታስጨርስሻለች» ይለኝ ነበር አባቴ። በወጣትነቱ በኪነት ቡድን ሲጫወት የያዛት የእንጨት ጊታር ናት። እሱ ሞተ፤ እኔም ከስምንተኛ ክፍል ቀረሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ዘንድሮ ግን አሮጌ ጊታር የሚሰበስብ ሰው ከአባቴ ታሪክ ጋር ለሽያጭ ያወጣሁትን ፎቶዋን አይቶ «እንዲህ ያለችዋን ነው ስፈልግ የኖርኩት» አለና ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ መጣ። እኔም በዋጋዋ የማታ ትምህርት ልመዘገብ ቆርጬ ነበር። ለእንግዳ አቧራና ጭረት አይቀርብም ብዬ፣ ቀድሜ አናጢ ዘንድ ወስጄ አስፍቄ ቫርኒሽ አስቀባኋት። አናጢው «የሙሽራ አልጋ አስመሰልኩልሽ!» ብሎ ሳቀ።

ሰውየው ገና እንዳያት ፊቱ ጠቆረ። «እህቴ፣ ማን ነካት?»

«ለእርስዎ ብዬ አሳደስኳት።»

«እኔ እኮ የመጣሁት ለጭረቷ ነው። የአባትሽ ጥፍር ስንት ዓመት የፋቀው ቦታ አሁን የታለ?»

ይህን ሲለኝ ነው ከቀዳዳዋ በታች የነበረው ነጣ ያለ ስፍራ ትዝ ያለኝ። ትምህርቱንም ሰውየውንም ረሳኋቸው። ባዶ እጁን ሲሄድ እንኳ አልሸኘሁትም። ልጄን አዝዬ አናጢው ዘንድ ሄድኩና የፋቀበትንና የእንጨቷ ብናኝ ገና ያልረገፈበትን ብርጭቆ ወረቀት ለምኜ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።