ወንድሜ የሚወትፍልኝ ጥጥ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ወንድሜን ሮቤ ቀብሬ ወደ ጎባ እመለስ ነበር። ላንድሮቨሩ ውስጥ ከፊቴ አንድ ነጋዴና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

«አዴ፣ በዚህ ጆሮዬ አልሰማም፤ በወዲያኛው በኩል ይቀመጡልኝ» አላቸው ነጋዴው።

«ምን አገኘህ፣ ልጄ?»

«ታምቡሩ ተቀዷል። ዳነ ስል ደግሞ ይመግላል።»

«የሪራ ማር አታንጠባጥብበትም?»

«እሱ ነው ያባሰብኝ! ሐኪሙ ውሃም እንዳይነካው ብሏል። ለሶላት ስታጠብ ወንድሜ ጥጥ በቫዝሊን ለውሶ ይወትፍልኛል።»

«አንተ እጅ የለህም?»

«ማር የጨመረ እጅ አይታመንም ይለኛል!»

«ወንድምስ ሰጥቶሃል።»

«አልሐምዱሊላህ! ከኋላዬ መኪና ሲመጣ አይሰማም ብሎ ስለሚፈራ፣ ዛሬም ጎባ መውረጃው ላይ ወጥቶ ይጠብቀኛል።»

ጎባ ስንወርድ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከዓይኔ እስኪጠፉ ድረስ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ።