ቀድሞ የገባው ሰላምታ

— ሄሎ… ወአለይኩም ሰላም። ማን ልበል?… አሚን? የቆቦው? የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር ክፍል ከእኔ የተረከብከው አሚን?… ይገርማል። እኔማ ቁጥሬን ያጠፋኸው መስሎኝ ነበር።

— ሮቢት ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ስልክ እጠግናለሁ። ኮንትራቴ ሲቋረጥ ሌላ ምን ልሥራ?… ተወው፣ ይቅርታህን አስቀምጠው። ምን ሆነህ ነው?

— ኮምፒዩተሮቹ ሁሉም አልነሳ አሉ? እኔ ቀለል ያለውን ሲስተም የጫንኩባቸው?… ከትምህርት ቢሮ የመጡት እንግዶች በር ላይ ናቸው። እና ዛሬ ሲሠሩ ካላዩ የፈተና ጣቢያውን ወደ ዋጃ ያዛውሩታል… እሺ።

— እትዬ ሀጀራ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ስልክዎ ደርሷል።… አይ፣ አንተን አይደለም። መጨረሻ ላይ ምን ብሎ ቆመ?… ቁጥር አንዱ ፕሮሰስ ሞተ። አሚን፣ ሲነሳ የሚያነበውን መስመር ነካክተሃል?… ምንም? ወላሂ በል እስቲ።

— እ… ሰላምታ። ሲከፈት መጀመሪያ እንዲታይ ብለህ በኢኒት ቦታ አስገባኸው።… እንዴት አይሞት? ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ሲነሳ ራሱ የሚቀሰቅሰው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ቁጥር አንዱ፣ ኢኒት። ሌላውን ሁሉ የሚያስነሳው ያ ነው፤ ማሽኑ እስኪጠፋ መውጣት የለበትም። ያንተ ሰላምታ ጽሑፉን አሳይቶ ወጣ፣ ማሽኑም አብሮት ወደቀ።… ሳስረክብህ ነግሬህ ነበር። ማስታወሻ ስትይዝ ነበር እኮ።

— ምን ይላል ሰላምታው?… አይ፣ አንብብልኝ።… «በመምህር አሚን ጥረት የተቋቋመ።» ቀጥል።… አለቀ?

— የኔ ስም የለበትም ማለት ነው።

— እነዚያን አሮጌ ማሽኖች ከአቧራ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አንጀቴ አሯል፣ አልደብቅህም። ግን እህቴ ፈሪሀም ተፈታኝ ናት፣ አባቴ ደግሞ ዋጃ አይልካትም። ስለሷ ነው። ጻፍ።

— አጥፍተህ አብራው። የማስነሻ ምርጫው ሲመጣ «ኢ» የምትለዋን ፊደል ንካ።… ረጅሙ መስመር መጨረሻ ላይ ሰላምታህን የሚጠራው አለ። እሱን ብቻ ሰርዝ። የድሮውን ኢኒት ከርነሉ ራሱ ያገኘዋል። አሁን ኤፍ አስርን ንካ… ጠብቅ።

— ተነሳ?… ሌሎቹንም እንዲሁ አድርግ።… ማን ነው ከጀርባህ የሚያወራው? ርዕሰ መምህሩ?… «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልከው? ሰማሁህ እኮ።… ሄሎ?… አሚን?

— ዘጋው። እንኩ፣ እትዬ ሀጀራ፣ ስልክዎ ይኸውልዎ።