ቲቸር ተማሪ የሆነ ዕለት

ስሙኝማ! የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ታደለ «ዛሬ እናንተ ታስተምራላችሁ፣ እኔ ተማሪ እሆናለሁ» ብሎ ጠመኔውን ለእኔ ሰጠኝና ኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ። ከሰዓት ነው፤ የድሬ ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ስለ ሙቀት መተላለፍ ማስረዳት ጀመርኩላችሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ዞር ስል ቲቸር አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል!

ጓደኛዬ ሆዳን «ዋላሂ፣ እኛ ስንተኛ የሚለንን አንቺም በይው!» አለችኝ። ድሬ ላይ አንቱ ማለት ባንወድም አስተማሪ ግን አስተማሪ ነው፤ ፈራሁ። አፌ ግን ቀደመኝ። «ተነስ! ፊትህን ታጥበህ ና!»

ቲቸር ብንን አለ። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ወጣ። «አለቀልሽ፣ ወላጅ ልታመጪ ነው» አሉኝ ልጆቹ። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ከፊቱ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ልግባ?»

«ግባ! እንዳይለምድህ!»

ተቀመጠና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የፀሐይ ሙቀት በባዶው ጠፈር አልፎ እንዴት እኛ ጋ ይደርሳል? አልገባኝም።»

ለካ እኔም አልገባኝም! ሰሌዳውን አየሁ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ ጎሮሮዬን ጠረግኩና «እሱ የቤት ሥራ ነው» አልኩት።