መስኮቱ ላይ የማይታዩት ቫልቮች

አሳንሰሩ በተበላሸበት ሳምንት ነው። ወደ አምስተኛ ፎቅ ስወጣ የውኃ ድርጅታችንን አንጋፋ ፕሮግራመር ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አሥር ቀን ቤት ከርመው መመለሳቸው ነበር። ሰላምታችን ሳያልቅ አዲሷ መሐንዲስ ፊቷ ጠውልጎ ከላይ ወረደች።

«እንኳን እግዜር ማረዎት፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በሌሉበት የወሊድ ክሊኒኩ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ውኃ ዋለ። ተረኛዋ የውኃ ተቆጣጣሪ የሚከፈተውን ቫልቭ መስኮቱ ላይ ፈልጋ አጣችው።»

ለማያውቅ ላስረዳ። የምንሠራበት ሶፍትዌር ፓምፑንም ቧንቧውንም በሥዕል ዘርዝሮ የሚያሳይ የኮምፒውተር መስኮት አለው። አንጋፋው ግን የአርባ ያህል ቫልቮችን፣ የውኃ መክፈቻና መዝጊያዎቹን፣ ማዘዣ በራሳቸው ኮድ ስለጻፉት፣ መስኮቱ ስለ እነርሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

«ኮዱ ውስጥ አሉ እኮ፣ ልጄ። ማንበብ የሚችል ያነባቸዋል።»

«ተረኛዋ ኮድ አታነብም፤ ሥራዋም አይደለም።»

«እኛ ስንጀምር መስኮት የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራው ግን ይሠራ ነበር።»

«ይሠራ ነበር፣ እርስዎ ስላሉ። ባለፈው ወር በእረፍትዎ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ደወልንልዎት። ሁሉም ‹የዚያ ቫልቭ ስም ማን ነበር?› ለማለት ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ያልተማረ ሰው አዲስ ነገር ቢፈራ ስላላወቀው ነው፤ የተማረው ግን ቦታውን እንዳያጣ ይፈራል።

«ሁሉም ካያቸው፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ለምን እፈለጋለሁ?»

«ለሚበላሸው ሁሉ ነዋ! ስም ሲጠሩ እየዋሉ ለዋናው ሥራ ጉልበት አልተረፈዎትም። እኔም ደክሞኛል፣ ጋሼ። ኮድዎን ሳነብ ሦስት ቀን አለፈኝ።»

«ብዙ ሥራ ነው?»

«ለእያንዳንዱ ስሙን፣ ምልክቱንና የሚያሳየውን ነገር ለሶፍትዌሩ የሚነግሩ ጥቂት መስመሮች ናቸው። እርስዎ የጻፉት አይነካም።»

«ክሊኒኩ ውስጥ የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም። ነርሶቹ በጀሪካን ሲያመላልሱ ዋሉ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ «እጅሽን ስጪኝ» ብለው ተነሡ።

አራት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ጻፉ። በአምስተኛው ቀን አርባውም ቫልቮች በየስማቸው ተደርድረው ታዩ። ዛሬ አዲስ ተቀጣሪ በአንድ ቀን ይለምዳቸዋል፤ ብልሽትም ሳይሰፋ ይታያል። ባለፈው ማክሰኞ በገበያው በኩል ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ተረኛዋ ማንንም ሳትጠይቅ ቫልቩን ለይታ በሩብ ሰዓት ዘጋችው።

አንጋፋው ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበሩ። በነጋታው ስነግራቸው «ማንም አልጠራኝም» አሉ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ላጽናናቸው ስል፣

«ከሰዓቱን ሙሉ ተኛሁ» አሉኝ።