ፀሐይን ከኮከብ የቆጠረው ተማሪ

ከምኖርበት ሩቅ አገር ለዘመድ ጥየቃ መጥቼ፣ ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የቅኔ መምህር አጠገባቸው ያለችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ፊዚክስ ነው የምማረው ብለሽኛል። እውነት ፀሐይ ኮከብ ናት?»

«አዎ፣ የኔታ። ያውም መካከለኛ። እጅግ የሚበልጧት አሉ፤ የሚያንሷት ደግሞ ይበዛሉ።»

«ታዲያ የሚበልጧት ለምን ጤፍ አከሉ?»

«ርቀው ነዋ! እሷ ስለቀረበችን ነው የገነነችው።»

«አይ እኔ!»

«ምነው፣ የኔታ?»

«አንድ ተማሪዬ ይኸንኑ ብሎኝ ነበር። ‹እግዚአብሔር ለቀን ያሠለጠናትን ታላቅ ብርሃን ከኮከብ ትቆጥራለህ?› ብዬ ከጉባኤው አባረርሁት። ሲሰናበት እግሬ ላይ ወደቀ፤ አልመረቅሁትም።»

«አሁን የት ነው?»

«እንጃ። ያለ መምህሩ ምርቃት ወጥቶ የቀረ ልጅ የት ይገኛል?»

«ታዲያ አሁን ይመርቁታ።»

«በሌለበት? አሜን የሚለው ማን ነው?»

«እሱንስ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ የማውቀው ፊዚክስ ነው።»

ሳቅ አሉ። ቆይተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በሄድህበት ይቅናህ፣ ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እንዳያውቁኝ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ፣ በልቤ አሜን አልሁ።